የኋለኛው ክፍል ግድግዳ

ተሻገር ያን ቅዳሜ የነቃው በፀጉር ማድረቂያ ድምፅ ነው። ሚስቱ ምሥራቅ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተራዋ ስለነበር ገና ሳይነጋ ወጥታለች። ልጅ የላቸውም። በቤቱ የቀሩት እሱና ታላቅ እህቱ አየለች ብቻ ናቸው፤ አየለች ደግሞ ፀጉሯን ተጎንጉና ሻሽ የምታስር እንጂ ማድረቂያ የምትነካ ሰው አይደለችም። በካልሲው ኮሪደሩን ይዞ ወደ ኋለኛው ክፍል ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። እህቱ አልጋውን ከግድግዳው አርቃ፣ በሌሊት ቀሚሷ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካለች። የምሥራቅን ማድረቂያ በሁለት እጇ ይዛ፣ አልጋው የሚሸፍነውን የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ቀስ እያለች ከግራ ወደ ቀኝ ታደርቃለች። አጠገቧ ሦስት ፎጣዎች ታጥፈው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጥቁር ነጠብጣብ ይዟል። በመሀል ማድረቂያውን ታጠፋና መዳፏን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ ጥቂት ትቆይና እንደገና ታበራዋለች። ሳል ሲመጣባት አፏን በክንዷ ትከድናለች። ተሻገር ሳትሰማው ወደ መኝታ ቤቱ ተመለሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምሥራቅ ካለፈው ወር ጀምሮ ማድረቂያዋ የተቃጠለ ነገር እንደሚሸት ስትነግረው ነበር። እሱም አርጅቶ ይሆናል፣ ሌላ ግዢ ብሏት ነበር።

ቤቱ አሜሪካ፣ ጋርላንድ በምትባል ከተማ ውስጥ ያለ ባለ ጡብ ቤት ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩት እንደ ጎረቤቶቹ ነው፤ የኋለኛው ክፍል ግን ድሮ አንድ ባለቤት የጨመረው ስለሆነ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፣ በጣሪያው ዙሪያም እስከ ጉልበት የሚደርስ አጭር የጡብ ግንብ ይዞረዋል። አየለች በጥቅምት ስትመጣ ተሻገር ያንን ክፍል ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ አዲስ አልጋ ገዝቶ ሰጣት። የመምጫ ወረቀቷ እስኪያልቅ አሥር ዓመት ፈጅቷል። እሷም በዚያ መሀል በቴሌ የስልክ ኦፕሬተርነት ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታ ነበር፤ ንግግሯ ዛሬም ጥርት ያለና አጭር ነው፣ መስመር ላይ ሰው እንደሚጠብቃት። በኅዳር ዝናቡ ሲደጋገም ከአልጋዋ ኋላ ያለው ግድግዳ ላበው። ቀለሙ አበጠ፣ ተላጠ፤ ቀጥሎ ጥቁር ሻጋታ እንደ ተበተነ ቁንዶ በርበሬ ወጣበት። ተሻገር መጥቶ ኮርኒሱን አየ። ደረቅ ነው፣ አንድ እድፍ የለውም። ውሃው ከላይ ቢመጣ ኖሮ መጀመሪያ የሚበላሸው ኮርኒሱ አልነበረም? ከዚያ ዓይኑን ወደ እህቱ ነገሮች መለሰ። የውስጥ ልብሷን በእጇ አጥባ ወንበር ላይ ታሰጣለች። ብርድ ስለምትፈራ መስኮት አትከፍትም። ጉንፋን ሲይዛት ውሃ አፍልታ ፎጣ ተከናንባ ትታጠናለች። ርጥበቱን የምታመጣው እሷ እንደሆነች ነገራት። የአሜሪካ ቤት እንደ አገር ቤት ጭቃ አይደለም፣ ትንፋሽ ይፈልጋል አላት። አየለች አልተከራከረችም። ይቅርታ ጠየቀችና በማግስቱ ልብስ ማስጣቱን ተወች።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ይሻል ነበር። በጥር የቤት ለቤት የጸሎት ኅብረቱ ተራ እነሱ ጋ ደረሰና ሃያ የሚሆን ሰው ሳሎን ሞልቶ ሳለ፣ አንዷ ምእመን ከኋላ ክፍል የሚመጣውን የሻጋታ ሽታ አንስታ ጠየቀች። ተሻገር ሳያስብበት፣ “እትዬ ክፍሏን ፍልውሃ አድርጋዋለች፤ በቅርቡ መግቢያ ማስከፈል እንጀምራለን” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ምሥራቅም ሳቀች። አየለችም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አብራቸው ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ብርድ መስኮቷን ከፍታ መተኛት ጀመረች። ገላዋን ለመታጠብ ስትገባ ውሃው ወዲያው ይዘጋል። ሳሉ ያዛት። ሐኪሙ አለርጂ ነው ብሎ ክኒን ጻፈላት። ግድግዳው ግን ያው ረጠበ። ባለፈው ሳምንት እራት ላይ የአክስታቸው ልጅ ዘነበወርቅ ጋ፣ ሳክሲ የምትባል ቅርብ ከተማ፣ ልትሄድ እንደሆነ ነገረቻቸው። ዘነበወርቅ ባሏ ሞቶባት ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። “ለእናንተም ቤቱ ይድረቅላችሁ” አለች፣ ሰሐኗን እያነሣች። ተሻገር ቅሪ አላላትም። አንድ ቃል ቢወጣው ኖሮ “ቅሪ” የሚለው ይሆን ወይስ “ይሻላል” የሚለው፣ እሱም አያውቅም። ባለሙያ ይጠራ ያለችው ምሥራቅ ናት፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ግድግዳው ይሠራ ብላ።

ባለሙያው ነጋ ይባላል። አዲሰን ውስጥ ባለ አንድ አፓርትመንት የጥገና ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የአበሻ ቤት ይጠግናል። ረፋዱ ላይ በፒክአፑ መጣ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ አሸተተ፣ ምንም ሳይናገር መሰላሉን ወደ ጓሮ ተሸከመ። ተሻገር ተከትሎት ወጣ። ሐሙስ ሌሊት የጣለው ዝናብ በጣሪያው ላይ በየቦታው ታቁሯል። ነጋ በአጭሩ ግንብ ዳር ዳር እየተንበረከከ ሄደ። ግንቡ ራሱ ላይ ዝናብ እንዳይገባበት የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ ነጋ ክዳኑን በመዳፉ እየዳበሰ መጥቶ በስተምሥራቅ ጥግ፣ ልክ ከአየለች አልጋ በላይ ሲደርስ ቆመ። ካቻቢቴውን አወጣና ወደ ክዳኑ አስገባ። እስከ እጀታው ሰመጠ። አጠገቡም እንደዚያው። አራት ቀዳዳዎች ናቸው፣ በካሬ ቅርጽ የተበሱ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ ጣት የሚያስገቡ። ክዳኑን ከጥጉ ሲያነሣው ከሥሩ ውሃ እንደ ቀጭን ክር ወረደ። ክዳኑ የተመታበት እንጨት በጣቱ ሲነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ።

“ኮርኒሱ ደረቅ ነው ብለህ ነበር በስልክ” አለ ነጋ። “ኮርኒስ አይነግርህም። ውሃው በግንቡ ውስጥ ለውስጥ ነው የወረደው፤ ታች መሠረቱ ጋ ሲደርስ መውጫ ያጣና ወደ ክፍሉ ይመጣል። ስንት ዝናብ ጠጥቷል ይኼ? እና ምን ነበረ እዚህ? ዲሽ ነው የሚመስለው።”

ተሻገር ቀዳዳዎቹን ከነጋ ቀድሞ አውቋቸዋል። ባለፈው ሰኔ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሲል ዲሹን ያቆመው እሱ ራሱ ነው፤ ለመትከያ ሰው መክፈል አልፈልግም ብሎ ድሪሉን ከሥራ ባልደረባው ተውሶ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጦ፣ እያፏጨ ነበር የበሳው። በመስከረም ሰርቪሱን ሲያቋርጥ ዲሹን ነቀለ፤ ቀዳዳውን ነገ በሲሊኮን እደፍነዋለሁ አለ፣ ነገም ሌላ ነገ ወለደ። ይኼ መርሳት ነው፤ ማንም ይረሳል። ሌላው ግን መርሳት አልነበረም። በየካቲት አንድ ቀን፣ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት የሚነዳውን የፓርኪንግ አውቶቡስ ለመረከብ ሲወጣ፣ ጓሮው ውስጥ ቆሞ ያንን ጥግ ቀና ብሎ አይቶት ነበር። ቀዳዳዎቹ ትዝ አሉት። መሰላሉ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እንዲህ ያለች ቀዳዳ ያን ያህል ውሃ አታስገባም ብሎ ለራሱ ነገረና መኪናውን አስነሣ። ያን ዕለት ማታ እህቱን መስኮቱን ለምን እንደዘጋችው ጠየቃት።

“እኔ እንጃ” አለው ነጋን። “ቤቱን ስንገዛው የነበረ ይሆናል። የድሮዎቹ ሰዎች።”

ነጋ ካቻቢቴውን በሱሪው ጠረገ። የቀዳዳውን ከንፈር በአውራ ጣቱ አሸት አድርጎ አየውና፣ ብረቱ ገና አልዛገም አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ክዳኑን በሙሉ አንሥቶ አዲስ እንደሚገጥም፣ የላላውን ጡብ በሲሚንቶ እንደሚያጠብቅ፣ ከታች ደግሞ የረጠበው ሺትሮክ፣ ማለትም የግድግዳው የጂፕሰም ሰሌዳ፣ ተቆርጦ ካልወጣ ሻጋታው ክፍሉን እንደማይለቅ አስረዳውና ሥራውን ጀመረ። ተሻገር የሚነቀለውን ቆርቆሮ እየተቀበለ ወደ ጓሮው ሣር አወረደ። እጁ ሥራ ሲይዝ ደረቱ ቀለል ይለዋል ብሎ ነበር። አልቀለለውም። ከታች በኩል በመስኮቱ የአየለች ድምፅ ይሰማል፤ አንሶላዎቹን እያጠፈች ለራሷ መዝሙር ታንጎራጉራለች፣ ሳሉ ያቋርጣትና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ለምሳ ፓስታ በሥጋ ስጎ ሠርታ ጠራቻቸው። ሻንጣዋ ሳሎን በር ላይ ቆሟል፤ የመንገድ ቀሚሷን ለብሳለች። ለነጋ ደጋግማ እየጨመረችለት የት አገር ሰው እንደሆነ፣ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀችው። ነጋም አንቱ እያለ በአክብሮት መለሰላት። ከዚያ ሹካዋን አስቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

“አቶ ነጋ፣ ግድግዳው እንዴት ነው? ይድናል?”

“ይድናል፣ እትዬ።”

“ምን ሆኖ ነው አሉት? እኔ ስሳሳት ነበር መጀመሪያ ላይ፤ ልብስ አሰጣ ነበር። ካቆምኩ ግን ቆይቻለሁ። ካቆምኩም በኋላ ለምን እንዳልተወው ነው ያልገባኝ።”

ነጋ አፉ ውስጥ ያለውን እያላመጠ ተሻገርን አየው። በዚያች ቅጽበት ተሻገር ማለት የነበረበት ቃል ሁለት ወይም ሦስት ነው። ነገር ግን ቃሉ ብቻውን አይመጣም፤ ፍልውሃውን፣ ሳቁን፣ የተከፈተውን መስኮት፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ጣሪያው ላይ የተናገረውን ውሸት ሁሉ ጎትቶ ነው የሚመጣው። ደግሞም እየሄደች ነው፤ ሻንጣዋ በር ላይ ነው፤ አሁን መናገር ምን ይጠቅማታል ብሎ አሰበ።

“ገና እያየው ነው” አለ ተሻገር። “ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።”

አየለች ራሷን ነቀነቀችና ሰሐኖቹን አነሣች። ወዲያው የዘነበወርቅ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ዘነበወርቅ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ችኩል ሴት ናት፤ ከሰዓት በኋላ የጸሎት እህቶቿ ስለሚመጡባት አልቀመጥም አለች። ተሻገር ሻንጣውን ተሸክሞ ጫነ። አየለች መኪናው በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ ፎጣዎቹን አጥባ ማድረቂያው ማሽን ውስጥ እንደከተተቻቸው፣ ግድግዳውን ጠዋት እንዳደረቀችው፣ ምሥራቅንም ይቅርታ እንዲጠይቅላት ነገረችው፤ የፀጉር ማድረቂያዋን ሳታስፈቅድ ስትጠቀም ከርማ ሽታውን ለውጣባታለች። ጉንጩን ሳመችው። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። መኪናው ከጥጉ ሲዞር ተሻገር እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ ቀረ።

ጓሮ ሲመለስ ነጋ ሲሚንቶ እያቦካ ነበር። ቀና አላለም። “እኔ የምሠራው ጣሪያ ነው” አለ። “የሰው ቤት ወሬ ውስጥ አልገባም። ግን ሴትየዋ አጥርታ ነው የጠየቀችኝ። አንተ እዚያ ባትቀመጥ ኖሮ መልስ ነበረኝ።” ነጋም ከዚያ በኋላ ስለ ሲሚንቶው እንጂ ስለ ሌላ አልተናገረም።

ግድግዳውን የቆረጡት ከሰዓት በኋላ ነው። አልጋውን አወጡ፣ ምንጣፉን ጠቀለሉ፣ ነጋ በቢላዋ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ለክቶ አሰመረበትና ሺትሮኩን ሲስበው እንደ ረጠበ ካርቶን በእጁ ተንጠልጥሎ መጣ። የኋላው ገጽ ጥቁር ነበር። ጠል የጠጣ ጨርቅ የሚመስል ጠጉራም ሻጋታ፣ ከዳር እስከ ዳር። ሽታው ሁለቱንም ወደ ኋላ መለሳቸው። ነጋ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አሠረ። ተሻገር ግን ቆሞ ቁመቱን በዓይኑ ለካ፤ በጣም የጠቆረው ቦታ ልክ ትራሱ የሚያርፍበት ነው። ስድስት ወር ሙሉ እህቱ ጭንቅላቷን ከዚያ ነገር አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አሳርፋ ተኝታለች፣ ጠዋት ተነሥታም ይቅርታ እየጠየቀች አድርቃዋለች። ከዚያ ግድግዳ ውስጥ ማንም ሰው በትንፋሹ ሊያስገባው የማይችል ብዙ ውሃ ነበር። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ማየት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ምሥራቅ ከሥራ የገባችው ያን ጊዜ ነው፤ የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ኮሪደሩ ላይ የቆመውን ፍራሽ አልፋ መጥታ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች። ተሻገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሷ ተናገረ፤ ዲሹን፣ ቀዳዳዎቹን፣ ጠዋት ያየውን የፀጉር ማድረቂያ፣ ምሳ ላይ የመለሰውንም መልስ። የየካቲቱን ግን ዘለለው። ምሥራቅ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እየፈታች፣ “እኔም ስቄያለሁ” አለች። ቀጥላም ያ ጨዋታ የተነገረበትን ዕለት ማታ አየለች ወጥ ቤት መጥታ፣ ፍልውሃ ያለው ለሳቅ ነው ወይስ ከልቡ ነው ብላ እንደጠየቀቻት፣ እሷም ለሳቅ ነው ብላ እንዳለፈችው ነገረችው። ለመደወል ስልኩን ሲያነሣ፣ በስልክ አይሆንም ብላ ከእጁ ወሰደችበት።

ወደ ሳክሲ የሚወስደው ሰባ ስምንት ቁጥር መንገድ ቅዳሜ ከሰዓት ያን ያህል አይጨናነቅም። ከጋርላንድ ሲወጡ ሱቆቹ እየሳሱ ይሄዱና ሜዳ ይታያል፤ አጥር፣ ጥቂት ከብቶች፣ አዲስ ቤት ሊሠራበት የተተከለ ሰሌዳ። ተሻገር እየነዳ የሚለውን ያሰናዳ ነበር። መጀመሪያ ያሰበው ሁሉንም መናገር ነው። ጥቂት ሄዶ፣ ነጋ ከጣሪያው ነው ብሏል ማለት ይበቃል ብሎ አሰበ፤ ውሸት አይደለም፣ እሷም ነጻ ትወጣለች፤ ማን በሳው ብላ ካልጠየቀች ለምን ይነሣል? ይኼ ሐሳብ ለጥቂት ማይል አሳረፈው። መብራት አስቁሞት ሲጠብቅ ግን፣ ከጣሪያው ነው ብሎ መናገር ምሳ ላይም ይችል እንደነበር፣ ያኔ ያቆመውም ይኸው ማን በሳው የሚለው ጥያቄ ብቻ እንደሆነ ገባው። አረንጓዴ ሲበራ ከኋላው ያለው መኪና ጡሩንባ ነፋበት።

የዘነበወርቅ በር አልተቆለፈም። ደጃፉ ላይ ብዙ የሴት ጫማ ተደርድሯል። የራሱን ለማውለቅ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ እንዳለ ከሳሎን የእህቱን ድምፅ ሰማ። የጸሎት ርእስ የምትሰጥበት ተራ ደርሷት ነው። ጥርት ባለው የኦፕሬተር ድምፅዋ፣ ስድስት ወር በወንድሟ ቤት በክብር እንደኖረች፣ እሱና ሚስቱ ምንም እንዳላጎደሉባት፣ እሷ ግን ባለማወቅ ቤታቸውን እንዳበላሸችባቸው፣ ባለሙያ እስኪጠራ ድረስ እንደደረሰ ተናገረች። “ያጠፋሁትን ጌታ እንዲክስላቸው፣ በእኔም ምክንያት በሁለቱ መካከል ቅሬታ እንዳይገባ ጸልዩልኝ” አለች። ሴቶቹ አሜን አሉ። ተሻገር አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ካልሲ ሆኖ ግድግዳውን ተደገፈ። ወደ ውጭ ቢወጣ ማንም አላየውም። ትንሽ ቆሞ ሌላኛውን ጫማ አወለቀና ገባ።

ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ሦስቱ በጥር እሱ ቤት የሳቁት ናቸው። ዘነበወርቅ ወንበር ልታመጣለት ተነሣች። አልቀመጥም አለ።

“እትዬ፣ ያልሽውን ሰምቻለሁ” አለ። “አንቺ አይደለሽም። ከጣሪያው ነው። በግንቡ ውስጥ ውሃ ሲገባ ነው የኖረው፤ ልብስ ብታሰጪም ባታሰጪም ይረጥብ ነበር።”

አየለች መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ ከፍታ እንደያዘች አየችው።

“ጣሪያው ምን ሆኖ?”

“ተበስቶ።”

“ማን በሳው?”

“እኔ። ባለፈው ክረምት ዲሽ ስሰቅል። ስነቅለው አልደፈንኩትም።”

“መቼ ነው ያወቅኸው?”

“ዛሬ ጠዋት። ምሳ ላይ ስትጠይቂ ዐውቅ ነበር።” ለምሥራቅ እንኳ ያልነገራት ብቻ ነበር የቀረው። “በየካቲትም ጠርጥሬ ነበር። ቀና ብዬ አይቼ፣ ሳልወጣ ሄድኩ። አንቺ ላይ ከተናገርኩ በኋላ ስለነበር፣ እኔ ሆኜ እንዳይገኝ ፈራሁ መሰለኝ። እነዚህ እህቶች ባሉበት ነው ያሳቅሁብሽ፤ እነሱ ባሉበት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።”

በዕድሜ የገፉት፣ እማማ አስካለማርያም የሚባሉት፣ እጃቸውን ዘርግተው ጌታ ይመስገን ልጆቼ፣ እንግዲህ ተሳሳሙ፣ ሰይጣን ይፈር አሉ። ሌሎቹም አሜን ብለው ሊነሡ ሲሉ አየለች መዳፏን ከፍ አደረገች።

“ቆይ እማማ፣ ይቅርታዎን አይቸኩሉብኝ” አለች በትሕትና። “የምሰጠው እኔ ነኝ።” ከዚያ ወንድሟን እንደገና አየችው። ዓይኗ አላነባም። “ለስድስት ወር በገዛ ትንፋሼ አፍሬ ኖርኩ፣ ተሻገር። ስተነፍስ አፍር ነበር። ይኼን ዐውቀሃል?”

“ዛሬ ነው ያወቅሁት።”

“ላየው እፈልጋለሁ” አለችና ነጠላዋን አነሣች።

መንገዱን ተመለሱ። እሷ በመስኮቱ ሜዳውን ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሚታዩት ከብቶች ለወተት ናቸው ለሥጋ ብላ ጠየቀችው፤ አላውቅም አላት። ጋርላንድ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልገባችም። ነጋ ሥራውን ጨርሶ መሰላሉን ፒክአፑ ላይ እያሰረ ነበር። አዲሱ ክዳን ከላይ ያብረቀርቃል። አየለች በጓሮው በር ገብታ የተነቀለው አሮጌ ቆርቆሮ የተደረደረበት ሣር ጋ ደረሰች። ተሻገር የትኛው እንደሆነ ሊያሳያት ሲል ነጋ ቀድሞ ለይቶ አነሣላትና ቀጥ አድርጎ ያዘላት። ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለች። ትንሽ ጣቷን በአንደኛው ቀዳዳ አስገባች፣ አወጣች፤ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው። የጣቷን ጫፍ የጠቆረውን አየችው። ነጋ ውሃው ከየት ወዴት እንደወረደ በእጁ እያሳየ፣ ሳይቸኩል ነገራት። አሁን የጠየቀችውን ሁሉ መለሰላት፤ ተሻገር አጠገባቸው ቆሞ አንድም ቃል ሳይጨምር ሰማ። ቀጥላ ወደ ክፍሉ ገባች። ግድግዳው ተከፍቶ እንጨቱ ይታያል፤ ምሥራቅ ማራገቢያ ተክላበታለች። ምሥራቅ አንገቷን አቅፋት አለቀሰች። አየለች ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት እንጂ አላለቀሰችም። ትራሱ የሚያርፍበትን ቦታ ብዙ ቆማ አየችው።

“በሳምንት ይደርቃል” አላት ተሻገር። “ነጋ አዲስ ሺትሮክ ያስገባል። የፈለግሽውን ቀለም እቀባልሻለሁ። ሻንጣሽን ነገ አመጣዋለሁ።”

“ይድረቅ” አለች። “ቤትህ ነው፣ መድረቅ አለበት። እኔን ግን ወደ ዘነበወርቅ መልሰኝ።”

“እትዬ፣ ይቅር አላልሽኝም?”

“እኔ እንጃ። ዛሬ ያልኩህ እንደሆነ ለእማማ አስካለማርያም ብዬ ነው የሚሆነው። እዚያ ቤት ደግሞ የምኖረው ተቀይሜህ አይደለም። ማታ ስተኛ ጆሮዬ ግድግዳውን እንዲያዳምጥ አልፈልግም።”

ምሥራቅ እራት ብሉና ሂዱ ብትልም አልቆየችም። ተሻገር ለሁለተኛ ጊዜ በሰባ ስምንት ቁጥር መንገድ ነዳት። በዚህኛው ጉዞ እሷ ነበረች ያወራችው፤ ስለ እሱ አይደለም፣ ስለ ዘነበወርቅ ቤት። ክፍሏ በስተምሥራቅ እንደሆነ፣ አጠገቡ ትንሽ የአትክልት ቦታ እንዳለ፣ ጎረቤቷ አሮጊት ፈረንጅ ገና ዛሬ በአጥሩ ላይ ሰላምታ እንደሰጠቻት፣ እንግሊዝኛዋም ለዚያ እንደበቃ። ተሻገር እየሰማ፣ ስድስት ወር ሙሉ እሱ ቤት ውስጥ ስለ ራሷ ይኼን ያህል ተናግራ እንደማታውቅ አስተዋለ። ጠይቋትም አያውቅም ነበር።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ እንግዶቹ ሄደው ነበር። ወርዶ የመኪናዋን በር ከፈተላት። ትስመው እንደሆነ ብሎ ጥቂት ቆመ። አየለች ነጠላዋን አስተካከለች።

“ማክሰኞ ዕረፍትህ ነው አይደል?”

“ነው።”

“ና። ምሥራቅን አታምጣት፣ ብቻህን ና። ከመምጣትህ በፊት ግን ደውል፤ ይመቸኛል አይመቸኝም እነግርሃለሁ።”

እደውላለሁ አላት። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥታ ገባች፣ አንድ ጊዜም ዞር ሳትል፣ በሩንም ከውስጥ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።